በካርታ ላይ የሚወጣ ፎቶግራፍ ቀንና ቦታ ይኑረው

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

ዋግ የስንዴ ዋነኛ ጠላት መሆኑን በአርሲና በባሌ ደጋ ለሚሠራ የልማት ሠራተኛ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። በ2006 ዓ.ም. የመኸር ወቅት የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ በእነዚሁ አካባቢዎች ክፉኛ ማጥቃቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ተመርጦ በስፋት የተዘራ ዝርያ ነበር፤ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ሲነሣበት ግን ሊቋቋመው አልቻለም። ከዚህ የምንማረው ዝርያን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ እንደማይበቃና በሽታው የታየበትን ማሳ ፈጥኖ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዛሬ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በኢንተርኔት ላይ የሚታይ ካርታ ነው። በሽታ የታየበት ማሳ ሁሉ በካርታው ላይ በነጥብ ይመለከታል። ነጥቡን ሲነኩት ትንሽ ብቅ ባይ መስኮት ይከፈትና የልማት ሠራተኛው በሞባይል ስልክ ያነሣው ፎቶግራፍ ይታያል። በወረዳ የተቀመጠ ባለሙያ ማሳው ድረስ ሳይሄድ የበሽታውን መልክ ማየት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ ከአስፈላጊው መግለጫ ጋር ካልወጣ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ የሚል አስተያየት አለኝ። ይህንንም የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመኸር ወቅት የዋግ ሪፖርት በሚሰበሰብበት ካርታ ሥራ ላይ ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ካርታውን ስንመለከት ከአንድ ቀበሌ የመጣ ፎቶግራፍ የሁላችንንም ዓይን ሳበ። የስንዴው ግንድ ከላይ እስከ ታች ቀይ ቡናማ ዱቄት ለብሷል። በአጠገቡ ካለው ቀበሌ የመጣው ሪፖርት ግን ፎቶግራፍ አልነበረውም፤ ነጥብና አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። መድኃኒቱና መርጫው ፎቶግራፍ ወዳለው ቀበሌ ይሂድ ተባለ፤ እኔም ተስማማሁ። በቦታው ስንደርስ ስንዴው ደርቆ ለአጨዳ ተዘጋጅቷል። ፎቶግራፉ የተነሣው ከሦስት ሳምንት በፊት ሲሆን በመስኮቱ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ወደ ካርታው የገባበት ቀን ነበር። ነጥብ ብቻ በነበረው ቀበሌ ስንዴው ገና በማዘርዘር ላይ ነበር፤ በሽታውም ግንዱን ይዞታል። መድኃኒቱ ወደዚያ እስኪዞር ስድስት ቀን አለፈ። የዚያ ቀበሌ ገበሬዎች ከማሳቸው ያጡት ምርት በበሽታው ብቻ የመጣ አይደለም፤ በእኛም አሠራር ጭምር ነው።

ስለሆነም ፎቶግራፍ ያለው ነጥብ ከሌለው ነጥብ የበለጠ አስቸኳይ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ፎቶግራፍ የሌለው ነጥብ የሚያመለክተው ምናልባት የልማት ሠራተኛው ስልክ ባትሪ ማለቁን ወይም በቀበሌው ኔትዎርክ አለመኖሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው የሰብሉ የዕድገት ደረጃና በሽታው የታየበት ቀን መሆን ይገባዋል።

በመሆኑም በመስኮቱ ውስጥ ከፎቶግራፉ በላይ የሚከተሉት አምስት ነገሮች ይጻፉ እላለሁ፤

ሀ. ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀን፤ የተላከበት ቀን አይደለም።
ለ. የማሳው ቦታ፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ 4 አሥርዮሽ። ይህም ቦታውን በ11 ሜትር ገደማ ያመለክታል። በ2 አሥርዮሽ ብቻ ከተጻፈ ግን ልዩነቱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።
ሐ. የስንዴው ዝርያ።
መ. የዕድገት ደረጃ፤ ቡቃያ፣ ማዘርዘር፣ ማሸት ወይም መድረቅ።
ሠ. ከማሳው ምን ያህሉ እንደተጠቃ በግምት።

ፎቶግራፉን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ቢሆን ይበቃል። አንዱ ማሳውን በሙሉ፣ ሁለተኛው አንድ ተክል፣ ሦስተኛው የታመመውን ክፍል ከቅርብ የሚያሳይ ይሁን። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር ይሰለፋል፤ የቅጠል ዋግ ክብ ክብ ሆኖ ይበታተናል፤ የግንድ ዋግ ግን ረዘም ያለና የግንዱን ልጥ ቀድዶ የሚወጣ ነው። ቅጠል ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግንዱ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ከቅርብ ሲያነሡ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አጠገቡ ቢያስቀምጡ መጠኑን ለማወቅ ይረዳል።

ይህን ሁሉ መጠየቅ በልማት ሠራተኛው ላይ ሥራ ማብዛት ነው፤ ጭራሹኑ መላክ ይተዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ሁለቱን ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። ካሜራው ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ቀኑንና ቦታውን ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ ያስቀምጣል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሲላክ ነው። በቴሌግራምና በመሳሰሉት እንደ ተራ ፎቶ የተላከ እንደሆነ ይህ መዝገብ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል። በእኛ ላይ የደረሰው ስሕተት ምክንያቱ ይኸው ነበር። የቀሩት ሦስቱ ማሳው ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚጻፉ ናቸው።

ካርታውን ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም የምለው አለኝ። የስልክ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 40 ፎቶግራፎችን መክፈት 160 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ይህንንም የሚከፍለው የልማት ሠራተኛው ከኪሱ ነው። እያንዳንዱን ወደ 100 ኪሎባይት ቢያሳንሱት ግን 40ው በ4 ሜጋባይት ይከፈታሉ። ሊፍሌት በተባለው በነጻ በሚገኘው የካርታ መሥሪያ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ብቅ ባዩ መስኮት ከ300 ፒክስል በላይ አይሰፋም። ስለዚህ በመስኮቱ ውስጥ ትንሹን ፎቶግራፍ ማድረግ፣ ትልቁን ደግሞ ለፈለገ ሰው ብቻ በንክኪ እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል። የፎቶግራፉ ወርድና ቁመት አስቀድሞ ካልተጻፈ መስኮቱ ፎቶግራፉ ሳይደርስ ይከፈትና ኋላ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ያልፋል። ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዳይለዋወጡም ይጠንቀቁ። አሰላ በ8 ዲግሪ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ትገኛለች፤ ቁጥሮቹ ሲገለበጡ የአርሲ ማሳ በኢጣሊያ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ያርፋል።

በመጨረሻ የገበሬው መብት መዘንጋት የለበትም። ሁሉም ሰው በሚያየው ካርታ ላይ የባለማሳው ስም፣ ፊትና መኖሪያ ቤት አይውጣ። ዘር የሚያባዛ ገበሬ ማሳው ታመመ ተብሎ በይፋ ቢታይ በሽታው በጊዜ ተረጭቶ ከቆመ በኋላም ገዢ ሊሸሸው ይችላል። እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ለማሳየት ፈቃደኛ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያውም ከምንጩ ይደርቃል። ትክክለኛው ቦታ ለወረዳው ባለሙያና ለማኅበሩ ብቻ ይታይ፤ ለሕዝብ በሚከፈተው ካርታ ላይ 2 አሥርዮሽ ይበቃል። ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊትም ባለማሳውን ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም መድኃኒት ለመግዛትም ሆነ መርጫ ለመላክ ካርታውን ሲያዩ በመጀመሪያ ቀኑንና የዕድገት ደረጃውን ያንብቡ፤ ፎቶግራፉን ከዚያ በኋላ ይመልከቱ። ፎቶግራፍ የሌለውን ነጥብ ደግሞ ሳይደውሉና ሳይጠይቁ አይለፉት።