«ጅዳ ነኝ» ያለችው ልጅ

ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ ወረኢሉ ሄጄ ሳለ አንዲት የእናቴ ጎረቤት ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው ሳዑዲ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው።

«በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ ጅዳ ነኝ ትለኛለች» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው ስታወራኝ ከኋላዋ የታክሲ ረዳት ‹ቧንቧ ውሃ! ቧንቧ ውሃ!› እያለ ይጮሃል። ልጄ፣ ጅዳ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ እንዴ?»

ምን ብዬ ልመልስ? ቧንቧ ውሃ ያለው ደሴ ነው። አብራት ከተመለሰች የሰፈር ልጅ እንደሰማሁት፣ ልጅቱ ተባርራ ከመጣች ወራት አልፈዋል። እቤቷ ያልገባችው ለመንገዷ የተሸጠውን የአጎቷን በሬ ሳትተካ ዐይኑን ማየት አፍራ ነው።

ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። መንገዱንም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ በባቲ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። ስለ መሄዱ እንግዲህ ብዙ ተብሏል። ስለ መመለሱ ግን እምብዛም አናወራም።

በኅዳር 2006 ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ በአማካይ 10 ሺህ ሰው ይመለስ ነበር። በ2012 ክረምት ከጂዛን እስር ቤት የወጡትን ፎቶዎች ያየ ወላጅ አይረሳቸውም፤ በሙቀት ግማሽ ዕርቃናቸውን ጠባብ ክፍል ውስጥ የተደረደሩ፣ አጥንታቸው የወጣ ልጆች። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል የሚል ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ሲል አስተባበለ።

አንድ አገር ያለ ፈቃድ የገባን ሰው መመለስ ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። መመለስ ሌላ፣ ደብድቦ፣ ደመወዝና ሻንጣ አስቀርቶ በባዶ እግር አውሮፕላን ላይ መጫን ግን ሌላ ነው። ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ሳዑዲ ራሷ ተቀብላዋለች።

የእኛስ መንግሥት? አውሮፕላን መላኩን፣ በ2014 ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ መስማማቱን አመሰግናለሁ። ኃላፊነቱ ግን ቦሌ ላይ አያልቅም። ቦሌ ደርሰውም የባሰ ያገኛቸው አሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሳዑዲ የተመለሱ የትግራይ ልጆች በገዛ አገራቸው ተይዘው መታሰራቸው ተዘግቧል። የእነርሱ እናቶች ለማን አቤት ይበሉ?

ሌላም አለ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ልጅ መብቷ ሲጣስ ኤጀንሲውንም ከአሠሪው ጋር ተጠያቂ ያደርጋል። በኦቦክ የሄደችው ግን ውል የላትም። የቀረባትን ደመወዝ ማን ይጠይቅላት? ደላላውንስ ማን ይያዝላት? ቀበሌ ብትሄድ ከስደት ተመላሽ ተብላ ትመዘገባለች፤ በመመዝገብስ ማንም አይችለንም። ወረኢሉ በ1888 ለዓድዋ ዘመቻ ንጉሡ ሲጠሩ የሸዋ ሰው የከተተባት ከተማ ናት። ያን ጊዜ መንግሥት ጠራ፣ ሰው መጣ። አሁን ጠሪው ሰው ነው።

ለእማማ ይህን ሁሉ አላወራሁም። «አዎ፣ ደሴ ሳትሆን አትቀርም» ብቻ አልኳቸው።

«እኔስ መች ጠፋኝ» አሉ። መቀነታቸውን ፈትተው የተጠቀለለ ብር አወጡና እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። «ደሴ ስታልፊ ፈልገሽ ስጭልኝ። የመሳፈሪያ ነው በያት። ስለ በሬው አጎቷን እኔ አናግሬዋለሁ።»

በማግስቱ ደሴ ስደርስ ስልኳን ደወልኩ። ሁለት ጊዜ አላነሳችም። በሦስተኛው አነሳችና «ማን ልበል?» አለች።

«ከእማማ ዘንድ ነው የመጣሁት፤ ቧንቧ ውሃ ቆሜያለሁ» አልኳት።