ልብሱን አየነው፣ ሸማኔውስ?

ህዳር 29 ሲደርስ የምናየውን ትርኢት በቃላችን እናውቀዋለን። ስታዲየሙ ይሞላል፤ ቡድኖቹ በየተራ ይገባሉ፤ አንዱ ጦርና ጋሻ ይዞ፣ ሌላው ጎፈር አድርጎ፣ ሌላዋ በዛጎል አጊጣ። የመድረክ መሪው የብሔረሰቡን ስም ይጠራል፣ ከበሮው ይመታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጨፈርና ተረኛው ይከተላል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ይህ ዕለት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከበር ቆይቷል፤ ጋምቤላም፣ ጅግጅጋም፣ አርባ ምንጭም ተራ ደርሷቸው አስተናግደውታል። ተመልካቹ ግን ወደ ቤቱ ምን ይዞ ይመለሳል? የቀለም ትዝታና በስልኩ ያነሳውን ፎቶ። ያ ጥለት ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ያ ከበሮ በምን ቆዳ እንደተወጠረ አይጠይቅም፤ ልጠይቅ ቢልም የሚመልስለት ሰው ሜዳው ላይ የለም። የባህል ፌስቲቫሎቻችን የእጅ ሥራውን አመጡልን እንጂ ባለእጁን አላመጡልንም። ሙግቴ ይኸው ነው።

በእርግጥ ባህል ሁሉ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ አይመጣም። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውን የሲዳማን ፍቼ ጨምባላላ እንውሰድ። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ነው፤ ቀኑ ከተወሰደበት በዓሉ ጭፈራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የተመዘገበው የሐረሪዎች ሹዋሊድም ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ማብቂያ ስለሆነ ጾሙን ትቶ በዓሉን ብቻ ማምጣት አይቻልም። የልጃገረዶቹን ጨዋታ ሻደይን ስሟን ካገኘችበት ለምለም ሣር፣ ከነሐሴም ነጥሎ ህዳር ላይ ስታዲየም ውስጥ ማስጨፈር ተጫዋቾቹን በላብ ከማጥመቅ በቀር ምን ይፈይዳል? እንዲህ ያለውን በዓል በቀኑና በቦታው ሄዶ ማየት ነው የሚሻለው። የሚጓዘው ሌላ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን፣ ስፌት ሠሪዋ ሰንደዶዋን፣ አክርማዋንና ወስፌዋን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን፣ የጉራጌዋ እናት የእንሰት መፋቂያዋን ይዛ የትም መሄድ ትችላለች። እጅ ካለበት ሙያው አለ። እኛ ግን ገልብጠነው፣ መጓዝ የማይችለውን በዓል ስንጭን መጓዝ የሚችለውን ሙያ ቤት እያስቀረን ነው።

ይህ ግልባጭ እንዲያው የአዘጋጆች ቸልተኝነት አይመስለኝም፤ ሥሩ ያረጀ ነው። የጨርቁን ውበት እያደነቅን የሠራውን ሰው የምንንቅ ኅብረተሰብ ነበርን። አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ኖርን። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ስላዩ ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡም አደባባይ ላይ እንደ ድሮው አይሰማም። መድረኩ ላይ ግን ዛሬም የሚወጣው ለባሹ ነው። የዚህ ዋጋ ደግሞ በኪስ ይለካል። በሽሮ ሜዳ ገበያ በእጅ የተሸመነው ቀሚስ በማሽን ከታተመ አስመሳይ ጨርቅ ጎን ተሰቅሎ ሲሸጥ፣ ድርና ማግ ሲገናኙ አይቶ የማያውቅ ገዢ በምን ይለየዋል? በዋጋ ይለየዋል፤ የረከሰውንም ይወስዳል። የዶርዜው ሸማኔ ያጣው ጭብጨባ አይደለም፣ ሥራውን የሚያውቅ ደንበኛ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን መልስ አውቀዋለሁ። ስማቸው በአደባባይ ተጠርቶ የማያውቅ ሕዝቦች በዚያ መድረክ ስማቸው ተጠራ፣ በቋንቋቸው ዘፈኑ፣ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ይህ ቀላል ነው ወይ? ቀላል አይደለም። መድረክን በራሱ የባህል ጠላት አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር የስንቱን አገር ዜማ ለአዲስ አበባ ጆሮ አስለመደ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በግብፅ ተወላጁ ሃሊም ኤል ዳብ አነሳሽነት የተቋቋመው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታን በአንድ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የቆየ ልማድን እየጠበቀ ሳይሆን ያልነበረ ነገር እየፈጠረ ነበር፤ መልካምም አደረገ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እነዚያ ሙዚቀኞች አብረው ተቀምጠው ተለማመዱ፣ አንዱ የሌላውን መሣሪያ ሰማ፣ አድማጩም ደግሞ ደጋግሞ መጣ። የአምስት ደቂቃ ሰልፍ ይህን ሊሰጥ አይችልም። ስም መጥራት የመተዋወቅ መጀመሪያው ነው፤ እኛ ግን በየዓመቱ ስም እየተለዋወጥን እንለያያለን።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሰውን ሜዳ ላይ አስቀምጦ ሲሠራ ማየት ሰውን ኤግዚቢሽን ማድረግ አይሆንም ወይ? አውሮፓውያን በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካውያንን አጥር ውስጥ አስቀምጠው ለተመልካች እንዳሳዩ ለማናችንም አይጠፋንም፤ ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን ከዕቃ የሚለየው መናገሩና ዋጋውን ራሱ መወሰኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በዋሽንግተን የተጀመረው የስሚዝሶኒያን የባህል ፌስቲቫል ከመጀመሪያው የእጅ ባለሙያዎችን ከሙዚቀኞች እኩል ጋብዞ፣ ጎብኚው አጠገባቸው ቆሞ እንዲጠይቅ፣ እነሱም ስለ ሥራቸው ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጓል። ሙያተኛው በራሱ ቋንቋ እያስረዳ፣ አስተርጓሚ እየተቀመጠለት፣ የቀን አበሉ ተከፍሎት፣ የሠራውንም በፈቀደው ዋጋ ሸጦ ከሄደ መምህር ነው እንጂ ትርኢት አይደለም።

እንዲህ ያለው በዓል ልዩነትን ያጎላል የሚሉም አሉ። ጥያቄውን የሚፈታው አደራደሩ ነው። የባለሙያዎቹ ድንኳኖች በብሔረሰብ ከተደረደሩ ጎብኚው መጀመሪያ የራሱን ፈልጎ ይሄዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። በሙያ ይደርደሩ። የሐረሪዋ ስፌት ከወሎዬዋ መሶብ ጎን ትቀመጥ፤ የጉራጌው ቆጮ ከሲዳማው አጠገብ ይጋገር፤ የወላይታዋ ሸክላ ሠሪና የጎንደሯ በአንድ ጥላ ሥር ይሥሩ። ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ችግር በስንት ዓይነት ብልሃት እንደተፈታ ይታያል። የሚለያየውና የሚመሳሰለው በአንድ ቦታ ስለሚታይ ስለ አንድነት ንግግር ማድረግም አያሻም።

ይህን ለመሞከር ከፉሪ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ደቡባዊ ጠርዝ ያለውና በተራራው ስም የሚጠራው ይህ አካባቢ እስከ ቅርብ ዓመታት የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ፣ የግል ቤቱና ገና ያልተለሰነው ግድግዳ ተጠጋግተው ይታያሉ። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ጎረቤትን በዕጣ ያዳርሳል፤ አንድ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ከየት እንደመጡ የወሰነ ሰው የለም። ስታዲየም ውስጥ በአውቶቡስ የምናመጣው ሕዝብ እዚህ ኪራይ እየከፈለ ይኖራል። ስፌት የምታውቀው እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሰንደዶዋን የምታስቀምጥበት በረንዳ እንኳ የላትም።

ወጪው የት ይገኛል ለሚል፣ ትልቁ ወጪ መድረኩ ነውና መድረኩ ይቅር። ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ እሑድ መንገድ መዝጋት ታውቅበታለች። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሌለው ዕድር የለም፤ ብረት ድስቱም አለ። የሚቀረው የባለሙያዎቹ አበል ነው፤ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ የሚወጣው እዚያ ይግባ። ለመጀመሪያው ዓመት አሥር ባለሙያ ይበቃል። የክፍለ ከተማው ኃላፊ የመክፈቻ ንግግር ማድረጋቸው የግድ ከሆነም ያድርጉ፤ ብቻ አንዲት ፈታይ አጠገባቸው ትቀመጥና፣ አንዱን ባዘቶ ፈትላ ሳትጨርስ ይጨርሱ።