ግሉኮስ ልጅን ሐኪም አያደርግም

የዛሬው ጽሑፍ ቅር የሚያሰኘው ወላጅ ይኖራል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን መባል አለበት።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር የምናየው ነገር አለ። ከመተማ በኩል የመጣች እናት ልጇን ይዛ ትገባለች። "ዶክተር፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል፣ ግን አልያዝ አለው። ዘንድሮ ፈተናው ተቀይሯል አሉ። ሕክምና እንዲገባልኝ ነው የምፈልገው። እባክዎ ግሉኮስ ይሰቀልለት፣ የአእምሮ ቫይታሚንም ይወጋልኝ።" ልጁ ፊቱ ገርጥቷል። ሲመረመር ደሙ አንሷል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወባ ይዞታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድለት መድኃኒቱን አቋርጧል።

ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ግሉኮስ አይደለም። የሚያስፈልገው የወባ ሕክምናውን መጨረስ፣ በቂ ምግብ እና እንቅልፍ ነው። እኛ ግን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ልጅን ማስጨነቅን "ዝግጅት" ብለን ጠርተነዋል። ዝግጅት አይደለም። ልጁን ማድከም ነው።

"ፈተናው ተቀይሯል" የሚለው ወሬ እውነትነት አለው። በ2008 ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ፣ እንደገናም ተሰጠ። ከ2012 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ይወስዳል። ስለዚህ ሕክምና ለመግባት የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ ግቢ ውስጥ የሚያመጣው ውጤትም ይታያል። የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ሆነ። ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይፈተናሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሕክምናን የጨረሰም ቢሆን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል።

ለውጦቹ ሁሉ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። በሩ አንድ መሆኑ ቀርቷል፤ በር ከበር እየተከተለ ነው የሚመጣው። የአንዱን በር ቁልፍ በቴሌግራም "ወጣ" ከተባለ ወረቀት የገዛ ልጅ፣ ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቀጣዩ በር ላይ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ገንዘቡም የሰሊጥ ገንዘብ ነው። አባት በዋልካ መሬት ላይ ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ለአጭበርባሪ ይሰጣል ማለት ነው።

ቁጥሩን እንየው። በመጀመሪያው የግቢ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶ እና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ 3.3 ከመቶ። በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ አለፉ። ይህ ቁጥር የሦስት ወር ጥረት ጉዳይ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት የጀመረ ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት በሌሊት መንቃት መሙላት አይቻልም።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። ሲያጠና ያደረ ልጅ ጎበዝ ይመስለናል። ነገር ግን አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ላለመተኛት ጫት የሚቅም፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ የሚደራርብ ልጅ የዛሬውን ሌሊት ያገኝና የትናንቱን ትምህርት ይጥላል። ትራማዶል ደግሞ የሕመም ማስታገሻ እንጂ የጥናት መድኃኒት አይደለም፤ ሱስ ያስይዛል፣ ሊያንቀጠቅጥና ራስ ሊያስት ይችላል። ግሉኮስም ቢሆን ስኳር ያለበት ውኃ ነው። ምግብ መብላት ለሚችል ልጅ አንድ ሳህን ሽሮ ከእንጀራ ጋር ይበልጥበታል። የቫይታሚን መርፌም እጥረት ለሌለበት ልጅ ፊዚክስ አያስገባም።

በቆላው ደግሞ ሌላ የተረሳ ነገር አለ። ፈተናው ባለፉት ዓመታት በአብዛኛው በሐምሌ ነው የተሰጠው። ሐምሌ በመተማ፣ በቋራ እና በምዕራብ አርማጭሆ የዝናብ፣ የእርሻ እና የትንኝ ወር ነው። የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቤቱ የተነከሰ ልጅ የሚታመመው ግቢ ገብቶ፣ በፈተናው መሐል ሊሆን ይችላል። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልጃችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኑት፦ "የመጣሁት ከመተማ ነው፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ።" ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ነፍስ ታተርፋለች።

ደብተር መግዣ ለማግኘት ሰሊጥ እርሻ ላይ የሚያድር ተማሪ ደግሞ ካላዛርንም ይወቅ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ እና በግራር ሥር ትገኛለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን የሆድ ማበጥ ካለ "ወባ ነው፣ ይለፋል" አትበሉ። ካልታከመ ይገድላል፣ ከታከመ ግን ይድናል።

አውቃለሁ፣ የምትሉኝ ነገር አለ። "ዶክተር፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል፣ የኬሚስትሪ መምህር የለም፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው። ሌሊት ካላጠና በምን ይለፍ?" ትክክል ናችሁ። ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በመተማ በር ስደተኛ እያስገባ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተቀሰቀሰ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2015 ፈተና በመላ አገሪቱ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ለሙሉ ሲወድቅ ሰነፉ ልጁ ነው ማለት ነውር ነው።

ማለፊያው ይውረድ አልልም። ታማሚ አልጋው ላይ የሚጠብቀው ያወቀ ሐኪም እንጂ የታዘነለት ሐኪም አይደለም። ነገር ግን መለኪያውን አንድ ያደረገ መንግሥት መጽሐፉን፣ መምህሩን እና ቤተ ሙከራውንም አንድ ማድረግ አለበት። በኮምፒውተር የሚፈትን ሁሉ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ አስቀድሞ የሚለማመድበትን ማዘጋጀት አለበት። ፈተና ሳይደርስ በቆላ ወረዳዎች የተማሪ ወባ ምርመራ ማካሄድ እና አጎበር ማደል ከግሉኮስ ፍላጎታችን ያነሰ ወጪ ነው። የወላጅ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ለወረቀት ሻጭ የምታዋጡትን ድምፅ እና ገንዘብ ወደዚህ አዙሩት። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን በር የምታንኳኩት ውጤት ሲወጣ ሳይሆን በመስከረም ይሁን።

ለምን ይህን ያህል እከራከራለሁ? በገጠር ያደገ ልጅ ሐኪም ሲሆን ገጠር ተመልሶ የመሥራት ዕድሉ ከከተማው ልጅ ከፍ ያለ መሆኑን በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። የመተማ ልጅ ሕክምና ካልገባ፣ ነገ የመተማን እናት ሌሊት ምጥ ሲይዛት ማን ይነሳላታል? ካላዛርን በልጅነቱ የሚያውቅ ሐኪም ከየት ይመጣል?

ስለዚህ እባካችሁ፦

1. ዝግጅት ከ9ኛ ክፍል ይጀምር፤ በየቀኑ ጥቂት፣ ከመማሪያ መጽሐፉ።
2. ልጁ ሌሊት ይተኛ፣ በአጎበር ሥር።
3. ትኩሳት ሲኖር ይመርመር፤ የ3 ቀኑን የወባ መድኃኒት ከምግብ ጋር እስከ መጨረሻው ይውሰድ።
4. ቶሎ የሚደክመውና የገረጣ ልጅ ደሙ ይታይ፣ ትሉም ይመርመር።
5. ጫት፣ ትራማዶል፣ "የወጣ ፈተና"፦ ሦስቱም ከቤታችሁ ይውጡ።
6. ልጁ ባያልፍ እንኳ ልጃችሁ ነው። "አትምጣብኝ" አትበሉት። ዝም ካለ፣ ምግብ ከተወ፣ "መኖር አልፈልግም" ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ፈተናው ነገም ይቀየር ይሆናል። ያልታመመ፣ የተኛ፣ የበላ እና መጽሐፉን የሚያውቅ ልጅ ግን በየትኛውም ፈተና ፊት ይቆማል።

ይህን በቆላ ላሉ ወላጆች አድርሱልኝ። ጤና ይብዛላችሁ።