ኤጲስ ቆጶስና ቴሌስኮፕ

ከተማሪዎቻችን አንዱ በየሌሊቱ ሃያ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየገለበጠ ሲያጠና ከረመ። ደብተሩ ሞላ፤ በፈተናው ቀን ግን ቃላቱ ሁሉ ጠፉበት። ትምህርቱን ሊተው ቈርጦ ሊሰናበተን በመጣ ጊዜ፥ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ «ኤጲስ ቆጶስ» ብለን ጻፍንለት። በእንግሊዝኛ ነገር የቤተ ክርስቲያን ማዕርግ ሲቀርብለት ተገረመ።

ይህ ስም ከጽርእ የመጣ ነው። እኛ በሌላ ስፍራ ከፍለን ብንጽፈውም፥ «ኤጲ» በላይ፥ «ስቆጶስ» ተመልካች ማለት ነው፤ እንግሊዞች ቢሾፕ የሚሉትም ይኸው ቃል በአፋቸው ተሸራርፎ ነው። ሥሩን ካወቁ ዘንድ ቴሌስኮፕ የሩቁን፥ ማይክሮስኮፕ የረቂቁን ማያ መሆናቸው ግልጥ ነው። ቴሌ ደግሞ ቴሌፎንን፥ ቴሌግራፍን ይስባል። በቅኔ ቤት ግስ ያወረደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ አንዱን ይዞ ርባታውን ሁሉ ያወጣልና። (እኛ ሁለቱን ትምህርት ለማገናኘት ብዙ ዘመን ፈጀብን።)

የቃሉን አግባብ የሚያስተምር ግን ንባብ ነው፤ በሬው በመስክ ኦክስ፥ ሥጋው በገበታ ቢፍ መባሉን ሥር አይነግርም።

ተማሪው አሁን ለእያንዳንዱ ሥር አንድ ገጽ ሰጥቶ ይጽፋል። ትናንት ከስኮፕ ሥር «ሆሮስኮፕ» የሚል ጨምሮ አሳየን፤ የኮከብ ቈጣሪዎችን ቃል ባያስቀድም በወደድን ነበር፥ ነገር ግን በትክክል ፈትቶታል።