ለመጀመሪያዋ የዶርም ክፍሌ

ውድ ዶርሜ፦

በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ የሚከፈል ዕዳ አለብኝ። የውሉ ወረቀት ላይ «ወጪ መጋራት» ይባላል፤ ተማሪው ግን ኮስት ሼሪንግ ነው የሚለው። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተመራቂ የበላበትንና ያደረበትን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ይመልሳል። ስለዚህ የአልጋሽን ሒሳብ አታንሺብኝ፤ መንግሥት እየጠየቀኝ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ውሉ ስላልቆጠረው ዕዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ዘግይቷል።

ከስሜ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ ልጅ «አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ» ስል፣ ርቀቱ፣ ሙቀቱና ወባው እየተነሳ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። የነበረኝ ተስፋ የአገሬን ልጅ ፈልጌ አብሬ ማደር ብቻ ነበር። ብሎኩ በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ግን ከፊደል ተራ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስማችን በኤም የሚጀምር ስድስት ልጆች አንቺ ዘንድ ተሰበሰብን፦ አንዷ ከጅማ፣ አንዷ ከሶዶ፣ አንዷ ከሐረር፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ እኔ። ምርጫው ለእኔ ቢተው ኖሮ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ሳወራ ዓመቱ ያልቅ ነበር። ስላልጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።

ብርድ ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስይዛኝ ነበር። ግቢያችን በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ስንት የደጋ ልጅ እንዲህ ተሸክሞ እንደመጣ አንቺና ጎረቤቶችሽ ታውቃላችሁ። አንድም ሌሊት አልተከናነብኩትም። ወለልሽ ላይ ተነጥፎ የስድስታችን መቀመጫ፣ ማጥኛና ገበታ ሆነ። አጎበርንም ቢሆን እስከዚያ ድረስ የማውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ካልተወሸቀ ዋጋ እንደሌለው ያሳየችኝ የሶዶዋ ልጅ ናት። ወባ ሳይነካኝ ወጣሁ፤ ይህንንም ጻፊው።

ስንቃችን ለጥቂት ቀናት በየሎከሩ ተቆልፎ ከረመ። ከዚያ አንድ ማታ የሐረሯ ልጅ የራሷን ከፍታ ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፈችው፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ጌጥ ሆነ። የእኔ በሶና ዳቦ ቆሎ በሳምንት አለቀ። ቤት ብሆን እናደድ ነበር። እዚያ ግን የእኔ ሲያልቅ የሌላዋ ይከፈታል፣ የእሷም ሲያልቅ ከሶዶ ዳጣ ይመጣል። ሶዶ ቅርብ ስለሆነ የዳጣችን ምንጭ ደርቆ አያውቅም። የካፌውን ሽሮ በዳጣ ያልበላ ፍሬሽ ብዙ ቀርቶበታል። ስለ ጅማው ቡና ግን ዝም ልበል። ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው፤ ፕሮክተሯ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ታነበው ይሆናል።

ትምህርቱንም ካንቺ ለይቼ ማየት አልችልም። የፍሬሽማን ኮርስ በ2012 እንደገና ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን፤ ዲፓርትመንት ሳንመርጥ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ እንማራለን። የዚህ ትርጉሙ የገባን ሚድ ፈተና ሲደርስ ነው። ሲኒየሮች መንገዱን አልሄዱበትምና የሚያቀብሉን የድሮ ፈተና አልነበራቸውም። ፍሬሽ ሁሉ የሚደገፍበት ያ ምርኩዝ ስለሌለ እርስ በርስ መደጋገፍ ግድ ሆነ፤ አንዷ ምዕራፉን አንብባ ለአምስቱ ታስረዳለች፣ አምስቱም ጥያቄ እየወረወሩ ያስጨንቋታል። ሎጂክን በእውነት ያወቅነው ግን በጠረጋ ተራ ጭቅጭቅ ነው። «አንቺ መቼ ጠርገሽ ታውቂያለሽና ነው?» ያለች ልጅ ወዲያው «አድ ሆሚነም!» ተብላ ትከሰሳለች። ሙግቱን የረታች ልጅም ብትሆን መጥረጊያውን ታነሳ ነበር፤ የአዲስ አበባዎቹ ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

የማታው ዕዳ ይከብደኛል። መብራት ከጠፋ በኋላ ወደ ቤት ይደወላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ። ሁላችንም የምንነግራቸው አንድ ዓይነት ውሸት ነው፦ ደህና ነኝ፣ በደንብ እየበላሁ ነው፣ ትምህርቱ ቀላል ነው። ቋንቋው ባይገባን እንኳ ውሸቱ ይገባናል፤ ድምፅ ያለ ወትሮው ሲደምቅ ይታወቃል። ስልኩ ተዘግቶ አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ማንም «ምን ሆንሽ?» አይልም። በማግሥቱ ግን ቁርስ ላይ ወረፋ ተይዞላት ታገኘዋለች። እኛ ሰፈር የከፋው ሰው ተከቦ ይባበላል፤ ደግ ነገር ነው፣ ዛሬም እወደዋለሁ። በጠባብ ክፍል ከአምስት ሰው ጋር ለሚኖር ግን አይቶ እንዳላየ ማለፍም ርኅራኄ መሆኑን አንቺ አሳየሽኝ። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት፣ ከተማርኩት ሁሉ በየቀኑ የሚሠራልኝ ይህ ነው።

ምስጋናው ለምን ዘገየ ካልሽ፣ ጥፋቱ የወረርሽኙ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ወደየቤታችሁ ተባልን። ለጥቂት ሳምንት መስሎን ደብተራችንን እንኳ በቅጡ አልሰበሰብንም። ወራት አልፈው ስንመለስ ክፍላችንም ተቀየረ፣ ቀጥሎም ዲፓርትመንት በየፊናው በተነን፤ የጅማዋ ሃይድሮሊክስ ገባች፣ እኔ አካውንቲንግ። አንቺን የተሰናበተሽ የለም። የሐረሯ ልጅ ስታገባ ሚዜዎቿ አምስታችን ነበርን፤ በዚያ ማታ ስላንቺ ያልተወራ ነገር የለም፣ ለአንቺ የተጻፈ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ሐዋሳ ደርሷታል። ስንቋን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ በሶውን ለስድስት ሰው አስቤ ነው ያስፈጨሁት። ብርድ ልብሱን እናታችን ጨምራበታለች፤ እኔም አላወጣሁትም።

አክባሪሽ፣
የላይኛው አልጋ ልጅ