ሲሮጡ የታጠቁት

ከአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን ሂርናን ብዙ ሰው የሚያውቃት በጫቷና በቡናዋ ነው። በዚህችው ከተማ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መኖሩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከከብትና ከፍየል የተቀዳ ደም ተመርምሮ በሽታው የሚለየው እንዲህ ባለው ቤት ነው። ዛሬ ስለ መርፌውና ስለ ብልቃጡ ሳይሆን፥ ስለ መዝገቡ እንነጋገር።

የመዝገብ ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር ክፉ ቀንን ያስታውስ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የደስታ በሽታ ገብቶ ከብቱን በፈጀ ጊዜ፥ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ብዙ ሕዝብ በራብ አለቀ። ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የተነገረው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። የፈረንጅ መዝገብ ግን ይህንኑ ወር 2011 ይለዋል። እንግዲህ አንዱ ጸሐፊ 2003፥ ሌላው 2011 ብሎ ቢጽፍና አቆጣጠሩን ባይገልጹ፥ አንዱ ነገር በስምንት ዓመት ተራርቆ ሁለት ነገር ሆኖ ይነበባል።

በኮምፒዩተር ዓለም ሬዲስ የሚባል የመረጃ ቋት አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባለ ኢጣልያዊ ነው። ሬዲስ መዝገብ ቤት እየወረደ ፋይል አይፈልግም፤ ሁሉን በጠረጴዛው ላይ፥ ማለት በኮምፒዩተሩ ፈጣን ማስታወሻ ውስጥ፥ ዘርግቶ ይሠራል። ፍጥነቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ጉድለቱም እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በየጊዜው ቅጂ ያነሣል፤ ከፈለጉም እያንዳንዱን ለውጥ በዲስክ ላይ የሚጽፍ የዕለት መዝገብ ይከፈትለታል። ይህም በየሰከንዱ የሚገለብጥ ከሆነ፥ የመጨረሻው ሰከንድ ሥራ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር፥ ሬዲስ የሰጡትን ይቀበላል እንጂ «ይህ ቀን ነው ወይስ ቁጥር?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በፓይተን ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ፒዳንቲክ በሚባል መሣሪያ አስቀድመው ቅጽ ያዘጋጃሉ። የእንስሳው ዓይነት ከተዘረዘሩት አንዱ፥ የናሙናው ብዛት ሙሉ ቁጥር እንዲሆን ይደነገጋል። የባለቤቱ ስልክ ግን ጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥር ነው ከተባለ በመነሻው ያለው ዜሮ ይወድቃልና። ከቅጹ ያልተስማማ ነገር ከበር ይመለሳል። ሆኖም 2003 በሁለቱም አቆጣጠር ደኅና ዓመት ስለ ሆነ፥ አቆጣጠሩን የሚገልጽ ሌላ ዓምድ ካልተጨመረ ቅጹ ስሕተቱን አያይም።

ሦስተኛው የመጠባበቅ ነገር ነው። ብልህ ጸሐፊ ደብዳቤውን ለተላላኪ ከሰጠ በኋላ መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሌላውን ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ፓይተንም በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚህ አሠራር የራሱ ቃላት ተሰጥተውታል። ነገር ግን «ጠብቅ» የምትለውን ቃል የዘነጋ ሰው ትእዛዙ የተፈጸመ ይመስለዋል እንጂ፥ ደብዳቤው ገና ከኪሱ አልወጣም።

ሌላም አደጋ አለ። በመዝገቡ 100 ክትባት ቢኖርና ሁለት ሠራተኞች እኩል «100» ብለው ቢያነቡ፥ አንዱ 10 ወስዶ 90፥ ሌላው 20 ወስዶ 80 ብሎ ይጽፋል። እውነቱ 70 ነው። የተረፈ የሚመስለውን ክትባት ተማምኖ ከብቱን እየነዳ የመጣ ገበሬ ባዶ ሣጥን ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ አንብቦ መጻፍን ትቶ፥ ሬዲስን በአንድ ትእዛዝ «ይህን ያህል ቀንስ» ማለት ነው፤ እርሱ ትእዛዞችን አንድ በአንድ ይፈጽማልና።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፥ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ቅጹን በወረቀት ንደፉ። የትኛው ዓምድ ቁጥር፥ የትኛው ጽሑፍ፥ የትኛው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ለዩ። መብራት ቢጠፋ ምን ያህል ሥራ ማጣት እንደምትችሉም አስቀድማችሁ ወስኑ። ፈጣን ቋት የተሳሳተውን መዝገብም በዚያው ፍጥነት ያደርሰዋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።