ያልተነዳ ጎማ ሁሉ አዲስ ጎማ ነውን?

ከቱሊ ጉሌድ አንድ የቤተ ሰብ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ሰውና ዕቃ ወደ ጅግጅጋ የሚያመላልሱበት አንድ መኪና አላቸው። ጎማዎቹ ስላለቁ ሌላ ሲያፈላልጉ፣ አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት የተቀመጡ፣ መኪና ላይ ከቶ ያልዋሉ አራት ጎማዎችን በግማሽ ዋጋ ሊሸጥላቸው ፈቀደ። የጎማዎቹ ጥርስ ሙሉ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚኖራቸው ፀጉር መሳይ ቅጥል እንኳ ገና አልረገፈም። «ብገዛቸው ይበጀኛል ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉናል። ጥያቄው የብዙ ቤቶች ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መልሱን በዚህ ገጽ ማውጣትን መርጠናል።

አስቀድመን ዋናውን ነገር እንናገር። ጎማ የሚያረጀው በመሮጥ ብቻ አይደለም፤ በመቀመጥም ያረጃል። ስለዚህ ዕድሜው የሚቈጠረው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ፣ መኪና ላይ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ጌታችን በወንጌል ስለ አሮጌ አቁማዳ የተናገረውን ምሳሌ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። አቁማዳው ቀዳዳ ባይኖረውም፣ ቆዳው ከደረቀ መለጠጥ ስለማይችል የሚፈላውን አዲስ የወይን ጠጅ ሊሸከም አይችልም። የጎማም ነገር እንዲሁ ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ እንግለጽ። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጥሬውን ጎማ ከድኝ ጋር በሙቀት አዋሕዶ እንዲጸናና እንዲለጠጥ የማድረግን ጥበብ አገኘ። የዛሬው የመኪና ጎማም በዚሁ ጥበብ ይሠራል፤ በውስጡም የብረት ሽቦ ንጣፎች አሉት፤ ንጣፎቹን እርስ በርሳቸው የሚያያይዛቸው ጎማው ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይህን ማያያዣ ያደርቀዋል፤ ሙቀትም ሥራውን ያፋጥነዋል። ኦዞን የተባለውም ጋዝ ላዩን ይሰነጥቀዋል። ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከል ሰምና ሌላ መድኃኒት ይጨምሩበታል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በደንብ ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ስለ ሆነ፣ ተቀምጦ የሚኖር ጎማ የጥበቃውን ሙሉ ጥቅም አያገኝም። እንዲህ የደረቀ ጎማ ሙቀት፣ ጭነትና ፍጥነት በአንድነት ሲያገኙት፣ ጥርስ ያለበት ክፍሉ ከሽቦው ተላቆ ይወድቃል፤ ወይም ጎማው በድንገት ይፈነዳል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ሱሪ በተባለው አውራጃ፣ ወጣቶችን ከሙዚቃ በዓል ሲመልስ የነበረ አንድ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ጎማው ሲመረመር ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ተገኘ፤ ይኸውም ከአውቶቡሱ ራሱ የሚበልጥ ዕድሜ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገው የሐዘንተኞች ጥረት፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታላቋ ብሪታንያ ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ በአውቶቡስና በከባድ መኪና የፊት እግር ላይ እንዳይውል በሕግ ተከለከለ።

ሙቀቱንም እንመልከት። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ትልቅ የመድን ድርጅት ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የቀረቡለትን የጎማ ጉዳት ጥያቄዎች መርምሮ ነበር። ከድርጅቱ ደንበኞች መካከል በአምስት ሞቃት ክፍላተ አገር የሚኖሩት ከመቶ 27 ሲሆኑ፣ ከጉዳቱ ግን ከመቶ 77ቱ የደረሰው በእነዚሁ ክፍላተ አገር ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 84ቱ ጎማዎች ስድስት ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። እንግዲህ በቱሊ ጉሌድና በጅግጅጋ ሜዳ ፀሐይ የሚቀጠቅጠው የቆርቆሮ መጋዘን ለጎማ ምን ዓይነት ማደሪያ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ጎማ በቀዝቃዛና በጨለማ ቤት፣ ከነዳጅና ከዘይት ርቆ ቢቀመጥ እርጅናው ይዘገያል፤ ፈጽሞ ግን አይቆምም።

ዕድሜውን ለማወቅ ነጋዴውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጎማው ራሱ ይናገራል። በጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ የተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉበት መሥመር መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2318 የሚል ቢሆን በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በአንዱ ጎን ቁጥሩ ከታጣ ሌላውን ጎን ገልብጦ ማየት ይገባል። አኃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና፣ በነጻም ቢሰጥ አይወሰድም።

እዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚያሳስት ነገር አለ። የጎማው ቁጥር የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ጎማ የሚገዛ ሰው መጨረሻው 18 የሆነ ቁጥር ቢያይ፣ «የዘንድሮ ነው» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ያ 2318 የተባለው ጎማ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ 2010 ዓ.ም. ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንኳ በገበያ ግርግር ውስጥ ይህን ሊዘነጋ ይችላልና፣ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ዓመታቱን መቁጠር ይበጃል።

ታዲያ ስንት ዓመት የሆነው ይገዛል? አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ስድስት ዓመት የሞላው ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ሚሸሊን የተባለው የጎማ ሠሪ ደግሞ፣ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ግን መልኩ ቢያምርም እንዲለወጥ ያዛል፤ ተለዋጭ ተብሎ የተያዘውም ጎማ ከዚህ ውጭ አይደለም። ከዚህ ተነሥተን ለጠያቂያችን እንዲህ እንላለን፦ ሁለትና ሦስት ዓመት በመልካም ቦታ የተቀመጠ ያልተነዳ ጎማ ሳይፈሩ ይግዙ። ስድስት ዓመት ያለፈውን ሰው ለሚጭን መኪና አይግዙ። ዐሥር ዓመት የሞላውን ከቶ አይንኩ። በጎኑና በጥርሱ መካከል ቀጫጭን ስንጥቅ የሚታይበትን ደግሞ ዓመቱ ምንም ይሁን ይተዉት። ስንጥቅ አለመኖሩ ግን የውስጡን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ጥቁር ቅባት የተቀባ ጎማ ሁልጊዜ ወጣት ይመስላል።

ርካሽነቱም ቢመረመር ርካሽነት አይደለም። ዐሥር ዓመት ከሚፈቀድለት ጎማ ስምንቱ በመጋዘን ካለቀ፣ ገዢው በግማሽ ዋጋ የወሰደው የዕድሜውን አንድ አምስተኛ ነው። ከበርበራ በቶጎ ውጫሌ በኩል በሚመጣው ዕቃ መካከል ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ጎማ ሲሆን ደግሞ፣ ቢበላሽ ለማን እንደሚመለስ አይታወቅም።

የክርስቲያን ቤት ግን ከገንዘብ በላይ የሚያስበው አለው። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ባለቤቱ ራሱ እንዳይወድቅ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳው እንዳይወድቅ ጭምር ነው። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለመሳለም ካራማራን ተሻግረው፣ በባቢሌና በሐረር በኩል የሚጓዙት እናቶችና ሕፃናት ጎማ ገልብጠው ዓመት አያነቡም፤ ባለ መኪናውን አምነው ይሳፈራሉ። መከታቸው እርሱ ነው። «መልአኩ ይጠብቀናል» ማለት መልካም እምነት ነው፤ ዐይናችን ያየውን የእርጅና ቁጥር አልፈን እንድንሄድ ግን ፈቃድ አይሰጠንም።

ነጋዴውም ቢሆን «አልተነዳም» ሲል አልዋሸም ይሆናል። ነገር ግን ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ዓመት ዝም ማለት ሚዛን ከማጉደል ብዙ አይርቅም። ዓመቱን ገልጾ ለጋሪ ወይም ለሌላ ቀላል ሥራ ቢሸጠው ገንዘቡም ይባረክለታል።

ስለዚህ ጠያቂያችን ወደ መጋዘኑ ተመልሰው አራቱን ቁጥሮች እንዲያነቡ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚለየውን አቆጣጠር አስበው እንዲወስኑ እንመክራለን። አራቱን አንድ ጊዜ ለመግዛት ዐቅም ካነሰ፣ ሁለት ሁለት እያደረጉ አዲስ መግዛት ይሻላል፤ እስከዚያም ጭነት ቀንሶና ፍጥነት ገትቶ መንዳት ነው። እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ።